ስድስት መቶ አርባ አንድ ጭረት

ማክሰኞ፣ ህዳር 3

ደብተር ሰራሁ። የማተሚያ ቤታችን ማሽኒስት ሊጥለው ከነበረ ቁራጭ ወረቀት። ለመንኩት፣ "ለምንሽ ነው ወይዘሪት ጽዳት?" አለኝ። እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "ዝም ብሎ" አልኩት። መሃሉን በእህቴ ክር ሰፋሁት፣ ትንሽ ተጣመመ፣ ግን ደብተር ነው።

ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ፊደል ብስትም ማን ያየኛል? ለራሴ ነው።

ዛሬ አንድ መምህር ሊያሳትም ያመጣውን መጽሐፍ አጽድቼ ጨረስኩ። 286 ገጽ! ኮምፒውተርን በጽሑፍ የሚያዙበት ቋንቋ አለ አሉ፣ የሱ ማስተማሪያ ነው። ምኑም አልገባኝ። ቢገባኝስ ምን ሊረባኝ... የኔ ስራ ማጽዳት ነው። የድሮ ወረቀት በስካነር ይገባል፣ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ከዚያ አቧራውን፣ ፀጉሩን፣ የሻይ ጠብታውን፣ በማውዝ እየለቀምኩ ማጥፋት። ምስር እንደ መልቀም። ከዚያ ነው ወደ ማሽን የሚሄደው።

የመምህሩ ወረቀት ግን ጉድ ነው። የድሮ ኮምፒውተሩ ሞቶበት ያለችው ያቺ አንዲት የታተመች ቅጂ ብቻ ናት። ያተመባት ፕሪንተር ደግሞ ድራሙ፣ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ጥቅልሉ፣ የተጫረ ነበር መሰለኝ፣ ገጹ ሁሉ ጭረት በጭረት። ወደ ኋላ የተንጋለለች ትንሽዬ ጭረት፣ እዚህም እዚያም። ለቀምኳቸው። አንድ በአንድ። አንዲት አላስቀረሁም።

እትዬ ከላይ ወረዱ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ናቸው፣ የጫማቸውን ድምፅ ደረጃው ላይ ስሰማ ሁሌም ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። ከኋላዬ ቆሙ። አየት፣ አየት... "ብርጭቆ አስመሰልሽው" አሉ።

ብርጭቆ! ስድስት ወር ሆነኝ እዚህ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

ጋሽ መነጽርም አንብበው ጨረሱ። አራሚያችን ናቸው፣ አንድ መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ አንድ ግንባራቸው ላይ፣ ስማቸውን ያወጣላቸው ማሽኒስቱ ነው። እኔ ፊት ለፊት ጋሼ ነው የምላቸው። ማውዝ አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፣ "እንደ ጫጩት ያዣት፣ አትጭመቂያት" ብለው። እያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ ፈረሙ። "ቃሉን ነው የማየው እኔ፣ ይሄን የኮምፒውተሩን ነገር እሱው ያውቃል" እያሉ። 286 ፊርማ። እጃቸውን አሻሽተው ሄዱ።

እጄ ደህና እጅ ነው። ዛሬ አወቅኩት።


ረቡዕ፣ ህዳር 4

ስራ የለም። ስካነሩን ወለወልኩ።


አርብ፣ ህዳር 6

አርብ ነው፣ ያልጸዱትን ፋይሎች ሰረዝኩ። ህጉ እንዲህ ነው፣ ኮምፒውተሩ እንዳይሞላ የጸዳው ይቀመጣል፣ የቆሸሸው ይጠፋል። የመምህሩም ጠፋ። አስር የሙከራ መጽሐፍ ተጠርዞ ተላከለት። የቀረው አራት መቶ እሱ አይቶ ሲፈቅድ ይታተማል።


ሰኞ፣ ህዳር 9

እራት ሳልበላ ነው የምጽፈው።

መምህሩ መጣ። ጠዋት፣ ገና በሩ እንደተከፈተ። ላብ በላብ ሆኗል። "መጽሐፌን ምን አደረጋችሁት?" አለ፣ ደህና አደራችሁ እንኳ ሳይል። ቅዳሜ አስሯን ለአስር ተማሪዎቹ ለሙከራ አድሏቸው፣ ከመጽሐፉ እያዩ ኮምፒውተር ላይ ጽፈው... ትምህርት ሁለት ላይ ሁሉም ቆሙ። ወረቀት አውጥቶ አሳየ። እንዲህ ነው የወጣላቸው፦

ሰላምnእንደምን ዋላችሁ

"ሰላም ከላይ፣ እንደምን ዋላችሁ ከሥሩ፣ በሁለት መስመር መውጣት ነበረበት" አለ።

"ይቺ ፊደል መሃል ገብታ ምን ትሰራለች?" አሉ እትዬ።

"ከፊቷ ያለው ምልክት ጠፍቶባት ነዋ! ባክስላሽ ይባላል።" እስክርቢቶ መዘዘ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ላይ ጫረ።

\

ወደ ኋላ የተንጋለለች። ትንሽዬ።

ወረቀት ተሸክሜ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አወቅኳት።

"አንድ ሁለት ቢጠፋ ስህተት ነው እላለሁ" ይላል መምህሩ። "286 ገጽ ሙሉ አንዲት ሳትቀር እንዴት ትጠፋለች?"

እንዴት ትጠፋለች... በጎበዝ እጅ ነዋ!

እትዬ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "ማነው ያነበበው?" ፊርማው እዚያው ግርጌ ላይ ተቀምጧል፣ መጠየቅም አያስፈልግ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ። "እኔ ነኝ" አሉ።

እትዬ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። "ጋሼ... ዓይንዎ ደክሟል መሰለኝ። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ፣ ከሰኞ ጀምሮ ቤትዎ አረፍ ይበሉ።"

አረፍ ይበሉ። ሰላሳ ዓመት የሰሩን ሰው!

እኔስ? ዝም። ወረቀቴን ታቅፌ ዝም። አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ "እኔ ነኝ"፣ እሳቸው አሉት፣ እኔ አልኩት? አላልኩም።


ማክሰኞ፣ ህዳር 10

ቁርስ ሳልበላ ለእህቴ ነገርኳት። ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር፣ መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ።

"እቴቴ፣ ስራ ላይ አጠፋሁ።"

"እህም?"

ሁሉንም አልኳት። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች፣ መጥፎ ምልክት ነው ይሄ።

"ማን አወቀ?"

"ማንም።"

"በቃ ዝም በያ!"

"እሳቸውን ሊያስወጧቸው እኮ ነው..."

"እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሰላሳ ዓመት በልተዋል። አንቺ ገና ስድስት ወርሽ ነው። ሰባተኛ ክፍል ይዘሽ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጥሽ ሌላ ማን አለ? ስንት ቀን ነው እዚያ በር ላይ የቆምኩት አንቺን ለማስገባት? ስንት ቀን?"

አስራ አንድ ቀን። አውቃለሁ።

"ዝም በይ። ምላስሽን ዋጪ" አለች። ተመልሳ መርፌዎቹን አፏ ውስጥ ከተተች።

እንዴት ነው እንደዚህ ያደረግኩት? ደጋግሜ አሰብኩ። የመጀመሪያው ገጽ፣ መቅድሙ፣ ኮድ የሚባል ነገር የለበትም። የነበረው የድራሙ ጭረት ብቻ ነው። ሁሉም ወደ ኋላ የተንጋለለ። እሱን አየሁ፣ "ቆሻሻው ይሄ ነው" አልኩ፣ በቃ እስከ መጨረሻው ገጽ እንደዚያ ያለውን ሁሉ... ወደ ፊት ያዘነበለችዋን አልነካሁም፣ ቀን ሲጻፍ መሃል ስለምትገባ አውቃታለሁ። የማላውቃትን አጠፋሁ። የማላውቀውን ሁሉ ቆሻሻ ነው ማለት... አይ እኔ!

የቆሸሸውንም ፋይል አርብ በገዛ እጄ ሰረዝኩት።


ረቡዕ፣ ህዳር 11

መምህሩ ያቺን አንዲት የድሮ ቅጂ መልሶ አመጣ። እንዳዲስ ስካን ቢደረግስ? ይደረጋል፣ ግን ምልክቱም ጭረቱም እዚያው ነው፣ ሁለቱም እኩል ተንጋለው። የትኛው የድራሙ ነው፣ የትኛው የሱ? "ስድስት ዓመት ሆነኝ ከጻፍኩት፣ እያንዳንዱን ኮምፒውተር ላይ ልሞክር ብል ወር አይበቃኝም" አለ። ዋናው ትምህርት የሚጀመረው ሰኞ፣ ህዳር 23 ነው።

ጋሼ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ሁለቱንም መነጽር ደርበው፣ በላዩ አጉሊ መስታወት ጨምረው፣ በቀይ እስክርቢቶ ምልክት የመሰላቸውን ይከባሉ። ከብበው ያስባሉ፣ ይሰርዙታል፣ እንደገና ይከባሉ። ጆሯቸው ቀልቷል።

በአጠገባቸው ሳልፍ አየሁ። አይ! የድራሙን ነው የከበቡት።

ሄድኩ። ተመለስኩ። ስካነሩን ወለወልኩ። ንጹህ ነው፣ ወለወልኩት። ደግሞ ሄድኩ። ሌላም ከብበዋል፣ እሱም የድራሙ።

"እሱ እኮ ጭረቱ ነው!"

አፌ ነው ያለው። እኔ አይደለሁም።

ጋሼ ቀና አሉ። "እንዴት አወቅሽ?"

"አ...ላውቅም ጋሼ። መሰለኝ።" ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩ።

ግን አውቃለሁ። እዚያ ተቀምጬ ሳስበው፣ አውቃለሁ! 286 ገጽ በዓይኔ አልፏል፣ እያንዳንዷን በእጄ ነው የነቀልኳት። ድራም ክብ ነው፣ ይዞራል፣ የተጫረው ቦታ በዞረ ቁጥር ወረቀቱን ይነካል። ስለዚህ የድራሙ ጭረት ሁሌ እኩል እየራቀ ነው የሚመጣው፣ ከላይ ወደ ታች፣ አራት ጣት፣ አራት ጣት፣ አራት ጣት። ሳጠፋ እጄ ራሱ ቀድሞ ይሄድ ነበር፣ "አሁን እዚህ ትመጣለች" እያልኩ። የቀሩት ናቸው እንዲያ ያልሆኑት። እነሱ ቃል ላይ ተጠግተው ነው የሚቆሙት። ጠቆር ብለው።

እጄ ያውቅ ነበር። እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት።


ሐሙስ፣ ህዳር 12

ተናገርኩ!

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጠዋት ሌላ ሰው ሳይመጣ ወደ ጋሼ ሄድኩ። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው። ቆሻሻ መስሎኝ።"

ግንባራቸው ላይ ያለውን መነጽር አወረዱ፣ ዓይናቸው ላይ ያለውን ሰቀሉ።

"አንቺ ሳታውቂ አጠፋሽ። እኔ ሳላይ ፈረምኩ። የትኛው ይብሳል?"

"የኔ!"

"ሂጂ ወደዚያ። አንቺ ልጅ ነሽ። ለእትዬ እንዳትናገሪ፣ አንቺን በአንድ ቀን ነው የምታስወጣሽ። እኔ እንደሆነ ደክሞኛል፣ ቁጭ እላለሁ፣ ፀሐይ እሞቃለሁ።"

"ፀሐይ ይወዳሉ?"

"አልወድም" አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እኔ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተነስቼ ደረጃውን ወጣሁ። ካሰብኩ እቀራለሁ። "ነይ አንቺ ልጅ!" እያሉ ከታች ይጠራሉ።

እትዬ ቢሮ መምህሩም ነበር። ጥሩ፣ አልኩ፣ በአንድ አፍ ለሁለት ሰው።

"እትዬ፣ ጋሼ አይደሉም። ምልክቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"የድራሙ ጭረት መስሎኝ። ብርጭቆ አስመሰልሽው ያሉኝ ቀን።"

እትዬ ቀይ ሆኑ። ከዚያ አመድ። "አራት ቀን ሙሉ ዝም ብለሽ? ሰውዬውን እንዲህ ሳደርጋቸው እያየሽ?"

"አዎ።"

"አዎ ትላለች! ምን ዓይነት ልጅ ነሽ አንቺ?"

"ፈሪ ነኝ እትዬ። ግን እመልሳቸዋለሁ። የትኛው የማን እንደሆነ አውቃለሁ።"

መምህሩ ሳቀ፣ የንዴት ሳቅ። "እኔ የጻፍኩት ሰውዬ ያላወቅኩትን?"

"እርስዎ ድራሙን አያውቁትም" አልኩት። እንዲህ አልኩት! እቴቴ ዋጪው ባለችኝ በዚህች ምላስ።

የድሮውን ቅጂ አምጡ አልኩ። ከቁራጭ ወረቀት ቀጭን ጥብጣብ ቆርጬ ይዤ ነበር፣ ከጭረት እስከ ጭረት የሚርቀውን ለክቼ በየአራት ጣቱ ምልክት ያደረግኩበት። መምህሩ በጣም የሚያውቀውን ገጽ መረጠ፣ ትምህርት አራት፣ በቃሉ የያዘውን። እትዬ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ጥብጣቧን ገጹ ዳር አስጠጋሁ፣ የመጀመሪያዋን ጭረት ላይ ገጠምኳት፣ ጣቴን አወረድኩ።

"የድራሙ። የርስዎ። የርስዎ። የድራሙ። የርስዎ፣ የርስዎ፣ የርስዎ። የድራሙ።"

መምህሩ ይዞት የመጣውን ኮምፒውተር ከፈተ። "የርስዎ" ያልኳቸውን ብቻ ጻፈ፣ የድራሙን ተወ። ቁልፍ ተጫነ። አየ። ሌላ ገጽ ገለጠ፣ "ይሄንንስ?" አለ። እሱንም። "ይሄንንስ?" እሱንም።

ከዚያ ወደ እትዬ ዞረ። "ልክ ነች" አለ። ቀስ ብሎ።

እትዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ። "ቅዳሜ ድረስ" አሉ። "ካላለቀ ሁለታችሁንም ነው።"

"ያልቃል" አልኩ።

ማነች ይቺ ያልቃል የምትለው?


አርብ፣ ህዳር 13

ሶስታችንም አንድ ጠረጴዛ። እኔ ጥብጣቧን ይዤ እጠራለሁ፣ ጋሼ በቀይ ይከባሉ፣ መምህሩ ኮምፒውተሩ ላይ ይሞክራል። 118 ገጽ አለቀ።

ምልክቷ ምን እንደምትሰራ ጠየቅኩት። ስድስት ወር ሙሉ ማንንም ምንም ጠይቄ አላውቅም፣ ዛሬ አፌ ተከፍቶ ቀረ። "ማምለጫ ነው የምንላት" አለ። "ከኋላዋ ያለው ፊደል ከተለመደ ስራው ያመልጣል። ኮምፒውተሩ ፊደሉን አይጽፈውም፣ ይታዘዘዋል። n ብቻዋን ፊደል ናት። ይቺ ስትቀድማት ግን፣ ወደ አዲስ መስመር ውረድ ማለት ነው። t ስትሆን ደግሞ ራቅ ብለህ ጀምር።"

"ስለዚህ ራሷ አትታይም?"

"አትታይም። አዝዛ ትሄዳለች።"

ደነቀኝ። አዝዛ ትሄዳለች! "እንደ እትዬ" አሉ ጋሼ ቀና ሳይሉ። መምህሩን ሻዩ ትን አለው።

ማሽኒስቱ በር ላይ መጣ። "ወይዘሪት ጽዳት፣ ማሽኔ ስራ ፈትቶ ዝገት ሊበላው ነው። ደግሞ ምን አጠፋሽ ዛሬ?"

"አንተ ብቻ ነህ የቀረኸኝ" አልኩት።

ቤት ስገባ ለእህቴ ነገርኳት፣ መናገሬን። ልትጮህ አፏን ከፈተች። ቀድሜ የምልክቷን ነገር አስረዳኋት፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሳልተነፍስ። ጨርቅ እየቆረጠች ነበር፣ ሰማያዊውን፣ በላዩ በጠመኔ አስምራ።

"ቆይ" አለች። "ይሄ ጠመኔ ልብሱ ላይ ይቀራል?"

"አይቀርም።"

"እዚህ እጠፊ፣ እዚህ ቁረጪ የሚለኝ ግን እሱ ነው።" ጠመኔዋን አነሳች። "ጠመኔውን አጠብሽው በይኛ!"

"አዎ እቴቴ! እሱን ነው ያደረግኩት!"

"አንቺ የማትረቢ! የ286 ልብስ ጠመኔ!" ሳቋ መጣ፣ መርፌዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፣ ተንበርክከን ስንለቅም እንኳ ትስቃለች። ከዚያ አቆመች። "ሰውዬው ስራቸው ላይ ይቆያሉ?" አለች። "ነገ ይታያል" አልኳት። እንጀራሽን በገዛ እጅሽ ስትገፊ ይሄ ነው አላለችም። ትልቋን መቀሷን አነሳችና የጥብጣቤን ዳር አስተካክላ ቆረጠችልኝ። ጠርዙ ተንጨባርሮ ነበር።


ቅዳሜ፣ ህዳር 14

አለቀ። ግን ገጽ 203 ላይ ልሞት ነበር።

እዚያ ላይ ሁለት ጭረት ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ተጣብቀው። ጥብጣቧን አስጠጋሁ፣ የድራሙ ልክ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ አንዷ የድራሙ፣ አንዷ የመምህሩ። ቀላል። "አንዷ ናት ጋሼ፣ አንዷን ይክበቡ" አልኩ፣ እንደ ሊቅ።

መምህሩ ሞከረው። የፋይል አድራሻ ነው፣ መሃሉ ላይ ምልክቷ ራሷ መታየት አለባት። ቁልፉን ተጫነ። አድራሻው መሃሉ ላይ ተሰበረና ግማሹ ታች መስመር ላይ ወደቀ።

ጥብጣቤ ዋሸች?

ይቺ ከዋሸች የቀሩትስ? ሁለት መቶ ገጽ ቢሆንስ የዋሸችው? መምህሩ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አየኝ። እትዬ ደረጃው ላይ ቆመዋል፣ ጫማቸው አይሰማም፣ ቆመዋል ማለት ነው። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ።

የድሮው እኔ ብሆን አንዷን አጥፍቼ አልፋለሁ። ንጹህ ነው ብዬ።

"ጋሼ፣ መስታወቱን ያውሱኝ።"

አየሁ። ዓይኔን እስኪያቃጥለኝ። የግራዋ ቀጭን ናት፣ ጥቁር። የቀኟ... ወፈር ትላለች። ከሥሯ ጠቆር፣ ዳርና ዳሯ ግራጫ።

"ሶስት ናቸው!" አልኩ። "ሁለት የርስዎ ናቸው። የድራሙ ቀኟ ላይ ተደርባ ነው ያረፈችው፣ ይኸው ዳሯን ይዩት!"

ጋሼ አዩ። "እውነት ነው፣ ጥላ አላት።"

"ግን ለምን ሁለት ጻፉ?" አልኩት መምህሩን።

እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። "ረስቼው! ራሷ እንድትታይ ሲፈለግ ሁለቴ ትጻፋለች። የመጀመሪያዋ ሁለተኛዋን ከትእዛዝ ነፃ ታወጣታለች።" ሁለት አድርጎ ጻፈ። አድራሻው በአንድ መስመር፣ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ስለዚህ ጥብጣቤ አልዋሸችም። እኔ ነኝ ቶሎ ያመንኳት። ተደርባ ያረፈች ሌላ ካለች ብለን ጥብጣቧ ቃል ላይ የምትወድቅበትን ሁሉ እንደገና በመስታወት አየን። አራት አገኘን። አራት! ሳንከብባቸው ልናልፋቸው የነበሩ።

ቆጠርን። ስድስት መቶ አርባ አንድ ምልክት። ሁሉንም ያጠፋሁት እኔ፣ ሁሉንም የመለስኩት እኔ... አይደለም፣ ሶስታችን።

እትዬ የመጨረሻውን ገጽ አነሱ። "ጋሼ፣ ሰኞ በሰዓትዎ ይምጡ" አሉ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ። ዞር ሳይሉ "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉ። ጋሼ ያልሰሙ መስለው መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ዓይናቸውንም ወለወሉ።

ስለኔ ምንም አላሉም። እስከ ሰኞ እንዴት ነው የምተኛው?


ሰኞ፣ ህዳር 16

እትዬ ጠሩኝ። ወጣሁ። ቁጭ በይ አላሉም።

"ዝም ያልሽበትን አራት ቀን አልረሳውም" አሉ።

"እኔም አልረሳውም እትዬ።"

"ከዛሬ ጀምሮ ገጹ ላይ ሁለት ፊርማ ነው የሚያርፈው። ያጸዳውም፣ ያነበበውም። ያጠፋ ሰው እንዲታወቅ።" ወረቀቶቹን ገፋ አደረጉልኝ። "ፈርሚ።"

ፊርማ የለኝም እኮ! ፈርሜ አላውቅም። ወርጄ ጋሼን ጠየቅኳቸው፣ "እንዴት ነው የሚፈረመው?" ስምሽን ጻፊና አቻኩይው አሉ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ሃያ ጊዜ አቻኮልኩት። ማሽኒስቱ አጮልቆ አይቶ "ዶሮ የጫረችው ይመስላል" አለ። "ድራም የጫረው ነው" አልኩት።

286 ጊዜ ፈረምኩ። ከጋሼ ጎን። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ተነሳ፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ አልተንቀጠቀጥኩም። ትንሽ ብቻ።


ማክሰኞ፣ ህዳር 24

መምህሩ ደወለ። ትላንት ትምህርት ጀመሩ፣ ትምህርት ሁለት ላይ ደረሱ፣ ሁሉም ሰው ላይ በሁለት መስመር ወጣ። "ሰላም" ከላይ፣ "እንደምን ዋላችሁ" ከሥር።

አንድ መጽሐፍ ተርፎ ለኔ ልኮልኛል። ትምህርት አንድን አነበብኩ። ግማሹ ገባኝ።


አርብ፣ ህዳር 27

አዲስ ስራ መጣ፣ የአንድ የሞቱ ሐኪም የእጽዋት መጽሐፍ። በጣም ያረጀ፣ ቢጫ። አርብ ነው፣ ግን ፋይል አልሰረዝኩም፣ መጽሐፉ ታትሞ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ የቆሸሸው አይነካም፣ አሁን ህጉ እንዲህ ነው። እኔ ነኝ ያልኩት፣ እትዬ "ይሁን" አሉ።

ገጽ 9 ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ትንሽ፣ ክብ፣ ቡናማ፣ ከአንድ ቅጠል ስም አጠገብ። እጄ ማውዙ ላይ ነበር። ላጠፋት ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ጣቴ ወርዶ ነበር። አነሳሁት።

የሐኪሙ ምልክት ቢሆንስ? መርዝ ነው ማለት ቢሆንስ?

ተነሳሁ። እትዬ ከደረጃው እየወረዱ ነበር፣ በአጠገባቸው አልፌ፣ ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?"

አንዱን መነጽር አወረዱ። ሌላውን ደረቡ። መስታወቱን ጨመሩ። ወደ መስኮቱ አስጠጉት፣ አራቁት፣ አሸተቱት እንኳ። እትዬም መጥተው ከኋላችን ቆመው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"የዝንብ ኩስ ነው" አሉ ጋሼ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ሄጄ አጠፋኋት። ገጹ ግርጌ ላይ ፈረምኩ።